የክንድ ዓመት፦ በጅራፍ፣ በወንጭፍ፣ በገናና በጉግስ ጨዋታ የሚደርስ የትከሻና የክንድ ጉዳት በቢቸናና በሞጣ አካባቢ

መግቢያ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የምሥራቅ ጎጃምን የጤፍ ማሳዎች ያቋርጣል። በዚህ አገር ክንድ የሥራም የጨዋታም መሣሪያ ነው። በአውድማ ላይ መንሽና ላይዳ የሚያነሣው ክንድ በሜዳ ላይ የገና ዱላ ይሰነዝራል፤ ከማማ ላይ ወንጭፍ የሚያዞረው ክንድ በቡሄ ጅራፍ ያጮኻል። ስለዚህ የአንድ ወጣት ትከሻ ሲጎዳ የሚቋረጠው ጨዋታው ብቻ አይደለም። የቤተሰቡ የእርሻ ሥራም አብሮ ይጎድላል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። በባህላዊ ጨዋታዎች ክንድና ትከሻ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከተደጋጋሚ ውርወራና ምት ውሎ አድሮ የሚመጣ ሕመም ነው። ሁለተኛው በአንድ ቅጽበት የሚደርስ ስብራት ወይም ውልቃት ነው። ሁለቱም በዕለት ተዕለት ንግግር «ክንዱ ተጎዳ» ወይም «ወለም አለው» ተብለው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ አንድ ስም ሲይዙ ደግሞ አንድ ዓይነት ሕክምና ይደረግላቸዋል። መታሸት የማይገባው ስብራት ይታሻል፤ በእንቅስቃሴ ሊድን የሚችለው የጅማት ሕመም ለወራት ይታሰራል። አብዛኛው ሊወገድ የሚችል ጥፋት የሚነሣው ከዚህ መደባለቅ ስለሆነ፣ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ከማናቸውም መድኃኒት ይቀድማል።

የክንድ ዓመት

የአካባቢውን ጨዋታዎችና ሥራዎች በወር በወር ተራ ማስቀመጥ የጉዳቱን አመጣጥ ለመረዳት ያግዛል። በነሐሴ ወር እረኞች ለቡሄ ጅራፍ ይገምዳሉ፤ እስከ ነሐሴ 13 ድረስና በዕለቱም ማን አብልጦ እንደሚያጮኽ ይፎካከራሉ። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በተለይ ወደ ዓባይ ቆላ በሚወርዱት ቀበሌዎች፣ እህሉ ሲያሸትና ሲያፈራ ልጆችና ወጣቶች ከማማ ላይ ሆነው ወፍ፣ ጦጣና ዝንጀሮ በወንጭፍ ያባርራሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የክምር ወራት ናቸው፤ ውቂያው ተከትሎ ይመጣል፤ ገለባው በመንሽ ይገለበጣል፤ ፍሬው በላይዳ ወደ ነፋስ ይወረወራል። በዚሁ ወቅት፣ በልደት ዋዜማና በዕለቱ ታኅሣሥ 29፣ በየሜዳው የገና ጨዋታ ይካሄዳል። ጥር 11 ጥምቀት ሲሆን ፈረሰኞች ለጉግስ ይወጣሉ።

ከዚህ ተራ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀኝ ትከሻ በተከታታይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም ክንድን ከፍ አድርጎ በፍጥነት መወርወርና በድንገት መግታት ነው። የአንዱ ወቅት ሕመም ሳይድን የሚቀጥለው ወቅት ይደርሳል። በገና ዕለት «ዱላ ሲሰነዝር ትከሻው ተጎዳ» የሚባለው ወጣት ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን የጀመረው ከሳምንታት በፊት በአውድማው ላይ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ወይም ተመራማሪ «መቼ ተጎዳህ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ የገናን ዕለት ነው። «ባለፉት ሦስት ወራት ክንድህ ምን ሲሠራ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የሕመሙ ታሪክ ይገለጣል።

ትከሻ ለምን በቀላሉ ይጎዳል?

የዳሌ መገጣጠሚያ በሙቀጫ ውስጥ እንደ ገባ ዘነዘና ነው፤ ጥልቅ ስለሆነ ከቦታው በቀላሉ አይወጣም። የትከሻ መገጣጠሚያ ግን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ተቀመጠ ሎሚ ነው። የላይኛው ክንድ አጥንት ክብ ራስ ትልቅ ሲሆን የሚያርፍበት የትከሻ አጥንት ጉድጓድ ትንሽና ጠፍጣፋ ነው። ይህ አሠራር ክንድን በሁሉም አቅጣጫ ለማንቀሳቀስ ያስችላል፤ ዋጋው ግን አለመጽናት ነው። ከታላላቅ መገጣጠሚያዎች መካከል አብዝቶ የሚወልቀው ትከሻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሎሚውን በማስቀመጫው ላይ የሚይዙት በተለይ አራት አነስተኛ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው፤ በሕክምና ስማቸው ሱፕራስፓይናተስ፣ ኢንፍራስፓይናተስ፣ ቴሬስ ማይነርና ሰብስካፑላሪስ ይባላሉ። ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንትም በጀርባ ላይ እየተንሸራተተ ያግዛል። ክንድ ከጎን ተነሥቶ እስከ ራስ በላይ 180 ዲግሪ ሲጓዝ፣ በግምት 120 ዲግሪው የሚገኘው ከትከሻ መገጣጠሚያ፣ 60 ዲግሪው ደግሞ ከጠፍጣፋው አጥንት መንሸራተት ነው። ይህ መንሸራተት ከተዛባ ጅማቶቹ በአጥንቶች መካከል ይፈተጋሉ።

ሁለተኛው መሠረታዊ ነጥብ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተከናወነ ውርወራ ኃይሉን ከግማሽ በላይ የሚያገኘው ከእግር፣ ከዳሌና ከወገብ ነው። ክንድ የሚያስተላልፈው እንጂ ሁሉንም የሚያመነጨው አይደለም። እግር ካልተተከለ ወይም ወገብ ካልዞረ ትከሻ የሌላውን ድርሻ ጭምር ይሸከማል። በጉግስ ጨዋታ ፈረሰኛው በሚጋልብ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንግ ስለሚወረውር እግሩን መሬት ላይ ሊተክል አይችልም፤ በጠባብ ማማ ላይ የቆመ ወንጭፍ ወርዋሪም እንዲሁ። ሁለቱም ሁኔታዎች ሸክሙን ወደ ትከሻ ያዛውራሉ።

ሦስተኛው ነጥብ መግታት ነው። የጅራፍ ድምፅ የሚፈጠረው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ እጀታው በፍጥነት ተወርውሮ በድንገት ሲገታ ነው። ገቺዎቹ ከትከሻ በስተጀርባ ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። በቤዝቦል ውርወራ ላይ የተደረጉ ልኬቶች የላይኛው ክንድ በሰከንድ ከ7000 ዲግሪ በላይ በሆነ ፍጥነት እንደሚዞር አሳይተዋል፤ ይህን ፍጥነት በአንዲት ቅጽበት ወደ ዜሮ የሚመልሱት እነዚሁ ጡንቻዎች ናቸው። ስለዚህ ወርዋሪ የሚጎዳው ሲወረውር ብቻ አይደለም፤ ከወረወረ በኋላ ክንዱን ሲያቆምም ይጎዳል።

ውሎ አድሮ የሚመጣ ሕመም

የዚህ ዓይነቱ ሕመም ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ከትከሻ በጎን በኩል ወደ ላይኛው ክንድ የሚወርድ ሕመም ይሰማል፤ ክንድ ከደረት ከፍታ በላይ ሲነሣ ይብሳል፤ ሌሊት በዚያው ጎን ሲተኙበት እንቅልፍ ይነሣል። በክርን በኩል ሲሆን ደግሞ ከውጪው አጥንት ላይ የሚነሣ ሕመም ዱላ ሲጨብጡ፣ በር ሲከፍቱ ወይም ማሰሮ ሲያነሡ ይሰማል። የክንዱ ቅርጽ ግን አልተለወጠም፤ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀለማቸውና ሙቀታቸው እንደ ሌላው እጅ ነው። ሕመሙ የጀመረበትን አንድ ቀን መጥቀስም ያስቸግራል።

የሌላው ዓለም ተሞክሮ በዚህ ነጥብ ላይ ይረዳል። ዲስክ ጎልፍ የተባለው ጨዋታ ጠፍጣፋ ዲስክ ከሩቅ እየወረወሩ ሰንሰለት በተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው። የባለሙያዎች ማኅበሩ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 በኤድ ሄድሪክ ተመሠረተ። ተጫዋቹ በአንድ ዙር ውስጥ በአንድ ክንድ በርካታ ጊዜ ስለሚወረውር ትከሻና ክርን ከሚጎዱት የሰውነት ክፍሎች ቀዳሚዎቹ ናቸው። ዲስኩን በደረት ፊት ለፊት ስቦ የሚለቅ ተጫዋች የትከሻውን የኋላ ክፍልና የክርኑን ውጪ ያደክማል። ከጎን በአንጓ ምት የሚወረውር ደግሞ የክርኑን የውስጥ ጅማት ይወጥራል። ተጫዋቾቹ ጉዳቱን የሚቋቋሙት ሁልጊዜ ጨዋታውን በመተው አይደለም። የውርወራውን ዓይነት ይለውጣሉ፤ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ፤ የውርወራቸውን ብዛት ይወስናሉ፤ በጎን ጡንቻቸውን ያጠነክራሉ።

ይህ አካሄድ ለገናና ለወንጭፍ በቀጥታ ይሠራል። ሙሉ ዕረፍት ከጥቂት ቀናት በላይ ሲረዝም ትከሻን ያደርቃል፤ ጅማትም ያለ ሥራ አይጠነክርም። የሚያስፈልገው ሕመሙን የሚያባብሰውን እንቅስቃሴ ብቻ መቀነስ ነው። መንሽ የሚይዝ ሰው በየጊዜው እጅ ቢለዋውጥ፣ ላይዳውን ከደረት በላይ ከማንሣት ይልቅ ወገቡን አዙሮ ቢወረውር፣ በአውድማው ላይ ተራ ቢገባ፣ ሥራው ሳይቋረጥ ትከሻው ያርፋል። ወንጭፍ ወርዋሪም ከማማው ወርዶ እግሩን ተክሎ ቢወረውር ሸክሙን ከትከሻው ወደ እግሩ ያዛውራል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በዚህ ደረጃ የሚወሰድ ጥንቃቄ ቀላልና ያለ ወጪ የሚፈጸም ነው።

የልጆች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በልጅ ክርንና ትከሻ ውስጥ አጥንት የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ ከጅማቱ ይልቅ ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ሊትል ሊግ የተባለው የልጆች ቤዝቦል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የውርወራ ብዛት በዕድሜ እንዲወሰን አድርጓል፤ ለምሳሌ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ85 በላይ እንዲወረውር አይፈቀድለትም። ቀኑን ሙሉ በማማ ላይ ለሚውል እረኛ ግን የሚቆጥርለት ዳኛ የለውም። ስለዚህ በክርኑ ላይ ሕመም የሚሰማው ልጅ ወንጭፉን ለጥቂት ሳምንታት አስቀምጦ በጩኸት ወይም በቆርቆሮ እንዲያባርር ማድረግ የወላጆች ኃላፊነት ይሆናል።

ድንገተኛ ጉዳት

በገናና በጉግስ የሚደርሰው ድንገተኛ ጉዳት የራሱ መልክ አለው። ከፈረስ የወደቀ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬት ሲይዝ ኃይሉ በክንዱ ወጥቶ አንጓውን፣ ክርኑን ወይም ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚዘልቀውን አጥንት ይሰብራል፤ ወይም ትከሻውን ያወልቃል። ወደ እርሱ የመጣውን ዱላ ወይም ዘንግ ጋሻ ሳይዝ በክንዱ የሚመክት ሰው ደግሞ በታችኛው ክንድ ውስጥ በትንሹ ጣት በኩል ያለው አጥንት ይሰበርበታል። በጉግስ ጨዋታ ጋሻ ጌጥ ብቻ ሳይሆን መከላከያ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የገና ተጫዋች ግን ጋሻ የለውም፤ በሕዝቡ ልማድ በገና ጨዋታ ላይ በደረሰ ጉዳት ቂም ስለማይያዝ የዱላው ከፍታ እምብዛም አይገደብም።

ትከሻ ሲወልቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ነው የሚወልቀው። የትከሻው ክብ ቅርጽ ይጠፋል፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ተጎጂው ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ ይይዛል፤ ወደ ደረቱ ማምጣት አይችልም። ከውልቃቱ ጋር ስብራት ወይም የነርቭ ጉዳት አብሮ ሊኖር ይችላል፤ በትከሻው ውጪያዊ ገጽ ላይ መደንዘዝ ካለ ነርቭ መነካቱን ያመለክታል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ጎትቶ ለመመለስ መሞከር አደገኛ ነው። ከ20 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች ላይ አንድ ጊዜ የወለቀ ትከሻ ከግማሽ በሚበልጡት ዘንድ ዳግም ይወልቃል። የመጀመሪያው ሕክምና በሚገባ መፈጸሙና ማጠናከሪያው አለመዘለሉ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሰዓት ማንም ሰው ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ክንዱ በተገኘበት ሁኔታ በነጠላ ወይም በሻሽ ከደረት ጋር ተደግፎ ይንጠለጠል። ቀለበት፣ አምባርና ክር እብጠት ሳይጀምር ይውለቅ። በአንጓው ላይ የደም ቅዳ ምት ይዳሰስ፤ የጣት ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀይነቱ መመለሱ ይታይ። ቆዳ የተቀደደ እንደሆነ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። መታሸት፣ መጎተት፣ ቅቤ መቀባትና አጥብቆ ማሰር ግን አይገባም። ከዚያ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ፣ ወይም በቢቸና አልያም በሞጣ ወደሚገኘው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ጉዳይ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላካል።

ወጌሻና ሐኪም

በኢትዮጵያ የገጠር ማኅበረሰብ ዘንድ ስብራትና ውልቃት ሲያጋጥም በቅድሚያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሧቸው ምክንያቶች ይመሳሰላሉ፦ ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ክፍያው ይቀላል፤ ቤተሰቡ ያውቀዋል፤ ሆስፒታል ደግሞ በጄሶና በቆረጣ ይፈራል። እነዚህ ምክንያቶች ከድንቁርና የመነጩ አይደሉም። ብዙ ወጌሾች አጥንትን በመዳሰስ የመለየት ክህሎት አላቸው፤ ያልተንቀሳቀሰ ቀላል ስብራትም በእጃቸው ይድናል።

አደጋው የሚመጣው ከእሰራው ነው። የተሰበረ ክንድ ያብጣል። የቀርከሃ ስንጣሪ ዙሪያውን ተደርድሮ በጨርቅ ወይም በገመድ ሲጠብቅ እብጠቱ የሚወጣበት አያገኝም፤ በጡንቻዎቹ መካከል ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ደም ወደ ሥጋው መግባት ያቆማል። ጡንቻ ያለ ደም ከ6 ሰዓት ያህል ጊዜ በላይ ሲቆይ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪካርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ጣቶችን አጣጥፎ የሚያስቀረውን የታችኛው ክንድ መኮማተር ከጥብቅ እሰራ ጋር አያይዞ ገልጿል። የሚገርመው በዚያን ጊዜ የተገለጸው ጉዳት በአውሮፓ ሐኪሞች እጅ የታሰሩ ሰዎችንም የሚመለከት መሆኑ ነው። ችግሩ የባህላዊነት ሳይሆን የጥብቅነት ነው፤ ጄሶም በጥብቅ ከታሰረ ያንኑ ያስከትላል። በከፋ ጊዜ ሥጋው ይሞታል፤ ጋንግሪን ይሆናል፤ ክንድ ይቆረጣል። በልጆች ላይ ከክርን በላይ የሚደርሰው ስብራት ከደም ቅዳው አጠገብ ስለሆነ ከሁሉ ይበልጥ ያሰጋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር መራራ ነው። ቤተሰቡ «ሆስፒታል ይቆርጣል» ብሎ ስለሚፈራ ይዘገያል፤ ስለዘገየ ሥጋው ይሞታል፤ ሥጋው ስለሞተ ሆስፒታሉ ይቆርጣል፤ ቆረጣው ደግሞ የቀድሞውን ፍርሃት እውነት ያስመስለዋል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው ወጌሻውን ማውገዝ አይደለም። በጉራጌ አካባቢ በሚገኘው በአጣት ሆስፒታል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በጥብቅ እሰራ ምክንያት የሚደረገው ቆረጣ መቀነሱን አሳይቷል። ትምህርቱ ረቂቅ አልነበረም፤ ስለ እሰራ አደጋ፣ ስለ ጣት ምልክቶችና ስለ ጊዜው ወደ ሆስፒታል መላክ የሚያስረዳ ነበር።

ለቢቸናና ለሞጣ አካባቢ ተመሳሳይ ሥልጠና ቢዘጋጅ ሊይዛቸው የሚገቡ ምልክቶች አምስት ናቸው። አንደኛ፣ ከታሰረ በኋላ በማቅለል ፈንታ እየባሰ የሚሄድ ሕመም። ሁለተኛ፣ ጣቶች በሌላ ሰው እጅ ቀስ ብለው ሲዘረጉ የሚያስጮኽ ሕመም። ሦስተኛ፣ መደንዘዝ ወይም መንዘር። አራተኛ፣ የጣቶች መቀዝቀዝ፣ መንጣት ወይም መጥቆር። አምስተኛ፣ ጣቶችን ማንቀሳቀስ አለመቻል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ እሰራው ሌሊትም ቢሆን እስከ ቆዳው ድረስ ወዲያው ይፈታል፤ ክንዱ ከልብ ትይዩ ይቀመጣል፤ ተጎጂው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። የአንጓ ምት መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ጡንቻው እየሞተ ምቱ ሊዳሰስ ይችላልና። የሁለተኛው ምልክት መታየት ከሌሎቹ የሚቀድም በመሆኑ ለወጌሻውም ለቤተሰቡም በተለይ ሊነገር ይገባል።

ወደ ጨዋታ መመለስ

ጉዳቱ ከታከመ በኋላ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ማሰሪያው ሲፈታ ሰውየው እንደ ዳነ ይቆጠርና ወደ አውድማው ይመለሳል። ነገር ግን አጥንት መያዙ የትከሻ ጡንቻ መመለሱ ማለት አይደለም። ማገገሚያው በሦስት ደረጃ ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው ደረጃ ትከሻው እንዳይደርቅ ማድረግ ነው። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ኮድማን እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ትከሻ ባሳተመው መጽሐፍ የሚታወቀው የመወዛወዝ እንቅስቃሴ ለዚህ ይጠቅማል። ታማሚው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ በጤናማ እጁ ጠረጴዛ ወይም መደብ ይደገፋል፤ የተጎዳውን ክንድ ያንጠለጥልና ሰውነቱን በማነቃነቅ ክንዱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያም በክብ ያወዛውዛል። በስብራት ወይም በውልቃት ጊዜ ይህ የሚጀመረው ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ማጠንከር ነው፤ መሣሪያውም በማንኛውም ገበያ ይገኛል። ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ በምሰሶ ላይ ይታሰራል። ክርን ከጎን ጋር ተጣብቆ ላስቲኩ ወደ ውጪ ይሳባል፤ ቀስ ብሎም ይመለሳል። ግድግዳን በሁለት እጅ እየገፉ መመለስ ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት የሚያንሸራትቱትን ጡንቻዎች ያጠነክራል። ለክርን ሕመም ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በእጅ ይያዛል፤ በሌላው እጅ አንጓው ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ከዚያ በተጎዳው እጅ ብቻ ቀስ እያለ ይወርዳል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በሦስት ዙር፣ አንድ ቀን እየተዘለለ ቢሠራ ለውጡ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። በእንቅስቃሴው ጊዜ የሚሰማ ቀላል ሕመም እስከ ማግስቱ ጠዋት ከጠፋ ጉዳት የለውም፤ ካደረ ግን መጠኑ በዝቷልና ይቀነስ።

ሦስተኛው ደረጃ ጨዋታው ራሱ ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ ያለ ሩር ዱላውን ከወገብ በታች ያወዛውዛል፤ ከዚያ ሩሩን በግማሽ ኃይል ይመታል፤ በመጨረሻ ወደ ጨዋታው ይገባል። ሙሉ ኃይሉን የሚጠቀመው ክንዱን ያለ ሕመም እስከ ራስ በላይ ማንሣት ሲችልና የሁለቱ ትከሻዎች ጉልበት ሲቀራረብ ነው። የአካል ማጎልመሻ መምህራን በትምህርት ቤት የጦር ውርወራና የመረብ ኳስ ልምምድ ላይ ይህንኑ ተራ ቢከተሉ፣ ለገናም ከመጀመሩ በፊት ሰውነት ማሟሟቂያና ዱላ ከትከሻ በላይ እንዳይነሣ የሚል ስምምነት ቢኖር፣ የጨዋታው ደስታ ሳይቀንስ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ የትከሻና የክንድ ጉዳት ከዓመቱ የሥራና የበዓል ዑደት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ውሎ አድሮ የሚመጣው ሕመም ከነሐሴ ጀምሮ የተጠራቀመ ሸክም ውጤት ስለሆነ መድኃኒቱ ሸክሙን ማከፋፈልና ጡንቻን ማጠንከር ነው። ድንገተኛው ጉዳት ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ መድኃኒቱ አለመንካት፣ አለማጥበቅና አለመዘግየት ነው። የመጀመሪያውን በሁለተኛው መንገድ ማከም የጉልበት ኪሳራ ያስከትላል፤ ሁለተኛውን በመጀመሪያው መንገድ ማከም ግን ክንድ ያሳጣል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሦስት የጥናት መንገዶች ክፍት ናቸው። የመጀመሪያው በሁለቱ ከተሞች ሆስፒታሎች የሚመዘገቡትን የክንድ ጉዳቶች ከወሩና ከጉዳቱ መንሥኤ ጋር አያይዞ በመመዝገብ የክንድን ዓመት በቁጥር መፈተን ነው። ሁለተኛው ወጌሾች እሰራን እንዴትና በምን ያህል ጥብቀት እንደሚሠሩ፣ ማንን መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚልኩ ከእነርሱው ጋር ተቀምጦ ማጥናት ነው። ሦስተኛው አምስቱን ምልክቶች የያዘ አጭር ሥልጠና ሰጥቶ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ተጎጂዎች ሆስፒታል የሚደርሱበትን ሰዓት ማነጻጸር ነው። ወጌሻው የሚጠራው ከሐኪሙ በፊት እስከሆነ ድረስ ክንዱን የሚያድነው ውሳኔ በእርሱ ደጅ ይወሰናል፤ ሥልጠናውም ከዚያው ደጅ መጀመር ይኖርበታል።